እንደ ራሕማ መሮጥ

«ቀስ በይ! አቦ ቀስ በይ! እንደዚህ ከሮጥሽ ማን እኔ ነሽ ብሎ ያምናል?»

ናፊሳ ቆመችና ዞር አለች። እህቷ ራሕማ ደቻቱ ወንዝ አሸዋ መሀል፣ አንድ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ፣ በሌላው የቀሚሷን ጫፍ ሰብስባ ቆማለች። ገና መንጋቱ ነው። ውሃ የሌለው ወንዝ ሰፊና ጸጥ ያለ ነበር። በመጋላ ሰፈር በኩል የወረዱ ሁለት ፍየሎች የተጣለ ካርቶን ያኝካሉ።

«ከዚህ በላይ ቀስ ካልኩ እኮ መራመድ ነው የሚሆነው» አለች ናፊሳ።

«መራመድማ አይቻልም። ከተራመድሽ ወደቅሽ። መሮጥ አለብሽ፤ ግን መጥፎ አድርገሽ።»

ናፊሳ ሳቀች። ራሕማ አልሳቀችም።

ናፊሳ አስራ አምስት ዓመቷ ነው፤ የትምህርት ቤቷ ሯጭ ናት። ራሕማ ደግሞ የዩኒቨርሲቲ የመጨረሻ ዓመት የአካውንቲንግ ተማሪ ናት። ከባድ የሚባሉትን ኮርሶች ሁሉ ጨርሳለች፤ ብዙዎችን የሚያስለቅሰውን የመውጫ ፈተናም አልፋለች። ከምረቃ የለያት የአንደኛ ዓመት ተማሪዎች የሚወስዱት አንድ የስፖርት ኮርስ ነው፤ «ፊዚካል ፊትነስ» ይሉታል። ማጠቃለያው ሜዳውን ሳይቆሙ አራት ጊዜ መዞር ነው። ራሕማ ባለፈው ሁለተኛው ዙር ላይ ቆማ ወደቀች። ለወደቁትና ለቀሩት የተሰጠው ዕድል ነገ ጠዋት ነው። ነገ ካላለፈች ኮርሱ እስከሚቀጥለው ዓመት አይሰጥም፤ ጓደኞቿ ጋውን ለብሰው ሲመረቁ እሷ ቤት ትቀራለች።

ስለዚህ ነገ በራሕማ ስም የምትሮጠው ናፊሳ ናት።

ሐሳቡን ያመጣችው ራሕማ ነበረች። የተማሪ መታወቂያዋን አውጥታ ናፊሳ እጅ ላይ አስቀመጠችና «ይሄ ፎቶ ግቢ ስገባ የተነሳሁት ነው። እስቲ እይው፤ እኔን ይመስላል ወይስ አንቺን?» አለቻት። ፎቶው ላይ ያለችው ልጅ መነጽር የላትም፤ ጉንጮቿም አልሞሉም። ቁርጥ ናፊሳን። «አስተማሪው አዲስ ነው፤ ባለፈው ያስሮጠን ሌላ ነበር። ተማሪዎቹ ደግሞ ስሜን አያውቁትም።»

ናፊሳ ሳታስብበት እሺ አለች። ከልጅነቷ ጀምሮ «እንደ ራሕማ ሁኚ» ሲሏት አድጋለች። በውጤትም፣ በጨዋነትም፣ በእጅ ጽሑፍም አልሆነላትም። አሁን ግን ራሕማ መሆን የምትችልበት አንድ ነገር ተገኘ። ያውም ራሕማ ራሷ የማትችለው።

«በይ አሳዪኝ» አለች አሁን። «እንዴት እንደምትሮጪ ካላየሁ እንዴት አድርጌ እመስልሻለሁ?»

«ባለፈው ያዩኝ ይበቃል።»

«ትንሽ ብቻ። እኔም ከጎንሽ ሆኜ እከተልሻለሁ።»

ራሕማ ዙሪያውን ቃኘች። ከፍየሎቹ በቀር ማንም የለም። ቀሚሷን ወደ ላይ ሰብስባ ቋጠረችና ከሥሩ በለበሰችው ሱሪ ከድልድዩ ተነስታ መሮጥ ጀመረች። ናፊሳ ከጎኗ ሆና አጠናቻት። ቀኝ እጇ ወደ ውጭ ይወጣል፤ እግሯ ሲያርፍ ድፍት ይላል፤ አንገቷን ሰበር ታደርጋለች። ናፊሳም ቀኝ እጇን ወደ ውጭ አወጣች፤ አንገቷን ሰበረች።

«እንደዚያ ነኝ?» አለች ራሕማ።

«ትንሽ ይብሳል።»

«አላህ ይይልሽ! ይሄን ሁሉ ያመጣብኝ ያ ሬጅስትራር ነው እኮ።» ከዚያ መናገር ጀመረች፤ በእያንዳንዱ እርምጃ መሀል ትንፋሿን እየሳበች። «መጀመሪያ የተመደብኩበት ግቢ ሲረበሽ... ትምህርቱ መሀል ላይ ተቋረጠ። ተዛውሬ እዚህ ስመጣ... የሌላውን ሁሉ ውጤት ተቀበሉኝ። ፊትነስ ግን አልተሞላም። ጠየቅኩ እኮ! ወላሂ ጠየቅኩ። ‹ፓስ ፌይል ነው፣ ነጥብ የለውም፣ አትጨነቂ› አሉኝ።»

«ማን ነው ያለሽ?»

«ሁሉም! አሁን በመጨረሻ... ጋውን ልለካ ስሄድ ስሜ የለም። ዲፓርትመንት ስሄድ፣ ሬጅስትራር ሂጂ። ሬጅስትራር ስሄድ፣ ስፖርት ክፍል ሂጂ። ስፖርት ክፍል ስሄድ ኃላፊው ስብሰባ ገብቷል። በማግስቱ ስመለስ ደብዳቤ አምጪ። ለደብዳቤው ስሄድ መስኮቱ ተዘግቷል፤ ምሳ ወጥቷል አሉኝ። ናፊ... ከጠዋቱ በሦስት ሰዓት ምሳ!»

ናፊሳን ሳቋ ትንፋሽ አሳጣት። ራሕማ ግን አላቆመችም። ወንዙ ዳር ያለው ግንብ ጋ ደርሰው ዞሩ። ለኮርሱ ከተመዘገበች በኋላ ሰዓቱ ከምርምር ክፍለ ጊዜዋ ጋር እንዴት እንደተጋጨ፣ አንዱን አስተማሪ ስትለምን ሌላው እንዴት እንደተቆጣ፣ «ካልኩሌተር ይዤ ልሩጥላችሁ?» ልትል ምን ያህል እንደቀራት ተናገረች። ድልድዩ ጋ ደርሰው ዞሩ። ስለ መስኮቷ ሴትዮ ቀጠለች፤ ቀና ብላ ስላላየቻት፣ ስልኳን እየነካካች «ቀጣይ» ስላለቻት። እንደገና ግንቡ፤ እንደገና ድልድዩ። እዚያ ሲደርሱ የምታማው ሰው አለቀና ራሕማ ቆመች። ጉልበቷን ይዛ አጎነበሰች።

ናፊሳ ወደ ኋላ ዞራ አሸዋው ላይ ያለውን ዱካ አየች። ከድልድዩ እስከ ግንቡ ደርሶ መልስ አሰልጣኟ የለካው ነው፤ የሜዳውን ሁለት ዙር ያህላል። ሁለት ጊዜ ተመላልሰዋል።

«ራሑ፣ ጨረስሽው እኮ።»

«ምኑን?»

«አራቱን ዙር።»

ራሕማ ቀና ብላ ድልድዩን፣ ቀጥሎ ግንቡን አየች። «እዚህ ማን አለና» አለች።

«ባለፈው ለምን ቆምሽ ታዲያ?»

ራሕማ ቁጭ ብላ ጫማዋን አወለቀችና አሸዋውን አራገፈች።

«አጨበጨቡልኝ» አለች።

«ቢያጨበጭቡ ምን አለበት?»

«እንዴት እንዳጨበጨቡ አላየሽማ። ‹ማዘር በርቺ! ማዘር አይዞሽ!› እያሉ ሙድ ያዙብኝ። እኔ ጂሲ ነኝ፣ ተመራቂ። እነሱ ትናንት የመጡ ፍሬሾች። ያ ሁሉ ሰው ቆሞ ሲያየኝ እግሬ እምቢ አለ።» ጫማዋን መልሳ አጠለቀች። «በይ እንሂድ፤ ኡሚ ሳትወጣ እንድረስ።»

እናታቸው ዓኒሳ ቤቱ በር ላይ ሆና ታይዋን ገበያ ወዳለው ሱቋ የምትወስደውን የልብስ እስር እየቋጠረች ነበር። «ኮቱ፣ ኮቱ!» ብላ ጠራቻቸው፤ የእስሩን አንድ ጫፍ እንዲይዙላት። «የቀረሽ ፈተና ነገ ነው አይደል?»

«አዎ ኡሚ።»

«ከባድ ነው?»

ራሕማ ወደ ናፊሳ አየት አደረገች። «አይ፣ ቀላል ነው።»

«ኢንሻአላህ። ያ የትራንዚት ቢሮም እንደተመረቅሽ ነይ ነው ያለሽ፤ ዘንድሮ ካልሄድሽ ሌላ ሰው ይቀጥራል። ለሱቅ ጎረቤቶቼም ተናግሬያለሁ። ኢድል ‹ልጅሽ ሳትመረቅ ኮፍያውን አንቺ አጠለቅሽው› ብላ ትናንት ስትስቅብኝ ነው የዋለችው።» እስሩን ጥብቅ አድርጋ ሳበችና ወደ ናፊሳ ዞረች። «አንቺም እህትሽን እያየሽ ተማሪ። ሩጫ፣ ሩጫ ብቻ!»

እህትማማቾቹ ተያዩ። ናፊሳ ሳቋ እንዳያመልጣት ከንፈሯን ነከሰች። ራሕማ ግን መሬት መሬቱን ታይ ነበር። እናታቸው ባጃጅ ላይ ወጥታ እስክትሄድ ድረስ ቀና አላለችም።

በማግስቱ ጠዋት ሜዳው ዳር ሲደርሱ ፀሐይዋ ማቃጠል ጀምራለች። ራሕማ መታወቂያውን ለናፊሳ ሰጠቻትና ከአጥሩ ውጭ ካለ የኒም ዛፍ ሥር ቆመች፤ ሂጃቧን እስከ አፏ ድረስ ስባለች። ናፊሳ ሰልፉ ጫፍ ላይ ገባች። የሚሮጡት ጥቂት ናቸው፤ ለማየት የመጡት ይበዛሉ። ድንጋይ ደረጃው ላይ የተደረደሩ ወንዶች ቆሎ ይቆረጥማሉ።

«ማዘር ዛሬ የለችም?» አለ አንዱ።

«ፎረሸች መሰለኝ።»

«ኧረ ትመጣለች ባክህ። እኔ ለእሷ ብዬ ነው ከእንቅልፌ የተነሳሁት።»

አዲሱ መምህር፣ ነህምያ፣ ፊሽካ አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ ወጣት ነው። ስም እየጠራ፣ መታወቂያ አየት እያደረገ ወደ መስመሩ ይልካል። ናፊሳ በሐሳቧ ተለማመደች፤ ቀኝ እጅ ወደ ውጭ፣ አንገት ሰበር። ልቧ የምትመታው ከውድድር በፊት እንደምትመታው ነው። ለእሷ አራት ዙር ምንም አይደለም። በቃ ታልፋለች፤ ራሕማ ትመረቃለች፤ እናታቸው ኢድልን ታሳፍራለች።

«ራሕማ ወርሳሜ!»

«አቤት» ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ድንገት ወደ ዛፉ ዞር አለች። ራሕማ እሷን አታያትም፤ ሜዳውን ነው የምታየው። ከረጅሙ ቀሚስ ሥር እግሯ ይታያል። ትናንት አሸዋ ያራገፈችበትን የሩጫ ጫማ አድርጋለች። ማሰሪያው ጥብቅ ተደርጎ ታስሯል።

«ራሕማ ወርሳሜ! የለችም?»

ናፊሳ ከሰልፉ ወጥታ ወደ አጥሩ ሮጠች። መታወቂያውን በሽቦው ቀዳዳ አሳልፋ ዘረጋችው።

«ስምሽን እየጠሩ ነው።»

ራሕማ ክው አለች። «ምን እያደረግሽ ነው? ናፊ፣ በአላህ! ዓመት ነው እኮ፤ ሙሉ ዓመት!»

«አውቃለሁ።»

«ብወድቅስ?»

ናፊሳ አትወድቂም ማለት ፈልጋ ነበር። ግን አታውቅም። «ልትደበቂ ከመጣሽ» አለች ቀስ ብላ፣ «ጫማውን ለምን አደረግሽው?»

ራሕማ ወደ እግሯ አየች፤ እግሩ የሌላ ሰው የሆነ ይመስል። ከዚያ መታወቂያውን ከናፊሳ እጅ መንጭቃ ወሰደች። «መቼም ይቅር አልልሽም» አለችና በአጥሩ ክፍተት ገባች። ቀሚሷን እየሰበሰበች «አቤት! አለሁ!» ብላ ጮኸች። ደረጃው ላይ ያሉት ተነሱ።

«ማዘር መጣች!»

ፊሽካው ተነፋ። ራሕማ ከሁሉም ኋላ ሆና ወጣች። የመጀመሪያውን ዙር እንደ ትናንቱ ዞረች፤ ድፍት ድፍት እያለች። ሁለተኛው ሲጋመስ ደረጃው ላይ ጭብጨባው ጀመረ። «ማዘር በርቺ! ማዘር አይዞሽ!» ናፊሳ የእህቷ አንገት ወደ ትከሻዋ ሲገባ፣ እርምጃዋ ሲያጥር ከሩቅ አየች።

ወደ ወንዶቹ ሄደች።

«አታጨብጭቡ» አለች።

«ለምን? እያበረታታናት ነው እኮ!» አለ ቆሎ የያዘው።

«ተዉዋት። አትዩዋት።»

«አንቺ ደግሞ ማን ነሽ?»

«እህቷ ነኝ።»

የልጁ እጅ አየር ላይ ቀረ። ከጎኑ ያለው በክርኑ ጎሸም አደረገው። «እኔም ባለፈው ልቆም ምንም አልቀረኝም ነበር» አለ ሦስተኛው፣ ለማንም ሳይሆን። ጭብጨባው ከዚያ ጫፍ እየሳሳ መጣና ጠፋ። ልጁ ቆሎውን ለናፊሳ ዘረጋላት። እሷም ትንሽ ዘግና ወደ ሜዳው ዳር ሄደች፤ ጀርባዋን ለመሮጫው ሰጥታ፣ ፊቷን ወደ መንገዱ አዙራ ቆመች። በመንገዱ ላይ ባጃጆች ያልፋሉ። አላየቻቸውም። የምትሰማው ከኋላዋ የሚመጣውን ኮቴ ነበር፤ ከባድ፣ ድፍት የሚል፣ ትንፋሹ የሚቆራረጥ። ቀረበ። ዞር ብላ ማየት በጣም አማራት። አልዞረችም።

ኮቴው አጠገቧ ደረሰ፤ አልቆመም፤ ወደ ሦስተኛው ዙር አለፈ።