ከአሥራ ሁለተኛው ተረት በኋላ

ደብተሩን ስገልጠው ክው አልኩ። ከአሥራ ሁለተኛው ተረት በኋላ ያለው ገጽ ሁሉ ባዶ ነው!

ሦስት ወር ሙሉ ዲሪባ ይህን ደብተር ይዞ፣ ሰበታ ወደምሠራበት የኮምፒዩተር ጽሕፈት ቤት ይመጣ ነበር። የዓለም ገና ከተማ ልጅ ነው፤ ፋብሪካ ውስጥ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ። አባቱ በወጣትነታቸው ሩሲያ ተምረው፣ የአንድ ስመ ጥር የሩሲያ ተረት ጸሐፊን ሥራ ሲተረጉሙ አረፉ። ትርጉሙ ለሙት ዓመታቸው ታትሞ ለዘመድ ሊታደል ነው።

«የአባቴን እጅ ጽሑፍ ከኔ በቀር የሚያነበው የለም። እኔ ላንብብልሽ፣ አንቺ ጻፊ» አለኝ የመጀመሪያው ቀን።

እሱ ያነባል፣ እኔ እጽፋለሁ። ጉረኛ ፍየል፣ ዳኛ የሆነ ጅብ... በሳቅ እፈርሳለሁ። ሩሲያ ጅብ አለ እንዴ ብዬ እንኳ አልጠረጠርኩም፤ ፍቅር ሞኝ ያደርጋል።

ያን ዕለት ደብተሩን ረስቶ ወጣ። እኔም ቀሪውን ራሴ አንብቤ ልጻፍለትና ላስደስተው ብዬ ገለጥኩት። ለካ ከአሥራ ሁለተኛው ወዲህ ያለውን አሥራ ዘጠኝ ተረት ከራሱ ፈጥሮ ነው ያጻፈኝ፤ በሟች አባቱ ስም!

እየሮጠ ተመለሰ። የተገለጠውን ደብተር ሲያይ ፊቱ አመድ መሰለ።

«ምን በድዬህ ነው የምታሞኘኝ?» አልኩት፤ እንባዬ መጣ።

«ትጊ... ተረቶቹ አለቁ። አለቁ ብልሽ ተመልሼ የምመጣበት ሰበብ አልነበረኝም።»

«መጀመሪያ ያነበብክልኝ የጸሐፊው የሕይወት ታሪክስ? እሱም ፈጠራ ነው?»

«እሱን አባቴ ናቸው የጻፉት። መጀመሪያው ገጽ ላይ አለ፣ እይው።»

እጅ ጽሑፉ ቢያስቸግረኝም አነበብኩት። ጸሐፊው ቤተ መጻሕፍት ውስጥ እየሠራ፣ ሹማምንቱን በእንስሳ አፍ ሲሸነቁጥ ኖረ ይላል። ሚስት አላገባም። ወጥ ቤት የምታገለግለውን ሴት ይወዳት ነበር፣ ልጅም ወልዳለታለች ይባላል። እሱ ግን «የኔ ናቸው» ሳይል ሞተ። ተረቶቹን ዛሬም ልጆች በቃላቸው ያነበንቧቸዋል፤ የሴትዮዋን ስም ግን አባቱም አልጻፉትም።

«አንተስ ከሱ በምን ተሻልክ? ጅብና ፍየል ጀርባ ተደብቀህ ነው የከረምከው» አልኩት።

አቀረቀረ።

«እንስሳ ሳታስገባ ንገረኝ።»

ደብተሩን ከደነው።

«እወድሻለሁ... ላገባሽ እፈልጋለሁ።»

እንዲህ ይደፍራል ብዬ በጭራሽ አልጠበቅኩም! ንዴቴ ሳይበርድ አፌ ሳያማክረኝ «እሺ» አለ። ቀጥዬ፣ «የአባትህ ያልሆነው ግን ይወጣል» አልኩት።

አሥራ ዘጠኙን ከጽሑፉ አወጣናቸው። በሙት ዓመቱ ዕለት ስስ መጽሐፍ ታደለች። እናቱ አዴ ጂቱ አንዷን ተቀብለው ገጾቹን እያገላበጡ ቆጠሩ።

«አሥራ ሁለት ተረት? ለዚህ ነው ሦስት ወር ሰበታ የተመላለስከው?»

ዲሪባ መሬት መሬት አየ። እሳቸው ወደ እኔ ዞሩ፤ ገና ሰላም ማለቴ ነበር። ሁለታችንንም አፈራርቀው አዩን።

«ኢጆሌ ኮ፣ ልጆቼ» አሉ እጄን ይዘው፣ «ሽማግሌ የሚላከው የት ሰፈር ነው?»