ያልወጣው የእገዳ ትእዛዝ

መልእክቱ አልደረሰም።

የመድኃኒት ፋብሪካው የጥራት ተቆጣጣሪ ጠዋት የላከችው የእገዳ ትእዛዝ ከከተማው ማዶ ባለው መጋዘን አልታየም። በሕፃናቱ የሳል ሽሮፕ ውስጥ ዋናው መድኃኒት ከመጠን በላይ ገብቷል። መኪናው ደግሞ እየተጫነ ነው።

«ስልክ ደወልኩ» አለች ተቆጣጣሪዋ። «የመጋዘኑ ኃላፊ ‹ትእዛዙ ከራስሽ ኮምፒውተር በኢሜይል ካልመጣ ጭነት አላቆምም፤ ደንቡ ነው› አለኝ። ይኸው፣ ኢሜይሉ ከዚህ ንቅንቅ አላለም!»

የኮምፒውተር ጠጋኙ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ቀጭን ስለሆነና የያዘውን ነገር ጫፉ ድረስ ሳይወጋ ስለማይለቅ የሥራ ጓደኞቹ «መርፌ» ይሉታል።

መጀመሪያ የጠረጠረው የኢንተርኔት ኬብሉን ነው። ከግድግዳው ላልቶ ነበር። አጥብቆ ሰካው።

«እስቲ ይሞክሩት፣ እትዬ።»

ምንም።

መልእክቶቹን የሚያስተላልፈው ዋናው ኮምፒውተር፣ ሰርቨሩ ይሆን? ከግድግዳው ወዲያ ያለችውን ጸሐፊ ጮሆ ጠየቃት።

«የኔ ይሠራል! አሁን እንኳ ኢሜይል ገባልኝ።»

ኬብሉን ነቅሎ በራሱ ላፕቶፕ ሞከረው። የእሱም ይልካል። እንግዲያው መንገዱም ሰርቨሩም ደህና ናቸው፤ ነገሩ ያለው እዚሁ ኮምፒውተር ሆድ ውስጥ ነው።

ተቆጣጣሪዋ መስኮቱ ጋ ሄደች። ተመለሰች። እንደገና ሄደች።

መርፌ ኮምፒውተሩ ሰርቨሩን የት እንደሚፈልገው አየ። የተጻፈው የሰርቨሩ አድራሻ አልነበረም። ማንም የማይኖርበት አድራሻ ነበር፤ አንድ ሰው በእጁ ጽፎ ያስገባው።

«ይሄ ብልሽት አይደለም» አለ። «ሆን ተብሎ የተሠራ ነው።»

የሐሰቱን አድራሻ አጠፋው። መልእክቱ ወጣ። ብዙም ሳይቆይ የመጋዘኑ ኃላፊ ደወለ። መኪናው ከመጋዘኑ ግቢ ወጥቶ ነበር፤ ሾፌሩን አግኝቶ ተመለስ ብሎታል።

ተቆጣጣሪዋ ወንበሯ ላይ ዘፍ አለች።

መርፌ ግን እረፍት አጣ። ያን አድራሻ ለመጻፍ የአስተዳዳሪ የይለፍ ቃል ያስፈልጋል። ቃሉን የሚያውቁት እሱና አለቃው ብቻ ናቸው።

«ዛሬ ይሄን ኮምፒውተር ማን ነካው?»

«ማንም። አለቃህ ብቻ። ገና ትእዛዙን ሳልጽፍ ‹ላድስልሽ› ብሎ መጥቶ ነበር።»

ሙያውን ያስተማረው ሰው ነው። ወደ አለቃው ቢሮ ደረጃውን ወጣ።

«ጋሼ፣ የእትዬን ኮምፒውተር ምን አደረጉት?»

«አደስኩት።»

«ሰርቨሩን ለምን ሰወሩባት?»

«ምን ማለትህ ነው?»

«ሕፃናት ሊጠጡት ነበር እኮ!»

የአለቃው ፊት አመድ መሰለ። በሩን ሊዘጋ ተነሳና ተወው።

«ሽሮፑን የቀመመችው ሚስቴ ናት» አለ። «ከፈረቃ ስትወጣ ደወለችልኝ። ‹መጠኑን ተሳሳትኩ› ብላ አለቀሰች። ትንፍሽ እንዳትዪ አልኳት። ግን ምርመራው ያጋልጣታል ብዬ ፈራሁ። ጭነቱ አንዴ ከሄደ ማን ያውቃል አልኩ። ዓይኔ እያየ ትታሰር?»

ተቆጣጣሪዋ መርፌን ተከትላ መጥታ በሩ ላይ ቆማ ነበር።

«የምን ምርመራ?» አለች። «ገና አልጀመርንም ነበር። ራሷ መጥታ ነው የነገረችኝ። ‹ልጆቹን አድኚልኝ› ብላ እግሬ ላይ ወደቀች።»

አለቃው ወደ ተቆጣጣሪዋ ዞረ።

«አሁን የት ናት?» አለ።

«የመጋዘኑ ግቢ በር ላይ። መኪናው ተመልሶ ሲገባ በዓይኔ ካላየሁ ቤቴ አልሄድም ብላለች።»