የክላይቭና የኔስታ ካርድ

ብታምኑኝም ባታምኑኝም ለመከራከር አቅም የለኝም። ግን የሆነ ነገር ነው። በእኔ በራሴ ላይ የደረሰ።

ቀኑንም ሰዓቱንም አልረሳውም... አምና ገና ሊገባ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ከቀኑ አስር ሰዓት፣ እንግሊዝ አገር፣ ኦስዌስትሪ በምትባል ከተማ ውስጥ፣ በገዛ ቤቴ። በዚህ ወር እዚህ አስር ሰዓት ሲሆን ጨልሟል።

ስሜ ሎርና ነው። ሃምሳ ስድስት ዓመቴ ነው። ከእናቴ ከኢኒድ ጋር ነበር የምኖረው። ከስድስት ዓመት በፊት ስትሮክ መታትና ቀኝ እጇ አልታዘዝ አላት። ከዚያ ወዲህ ማጠብ እኔ፣ ማልበስ እኔ፣ ማጉረስ እኔ።

የገና ካርድም እኔ።

ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። በእናቴ ዝርዝር ላይ አርባ ሦስት ሰው አለ፣ ለሁሉም ደግሞ አንድ ዓይነት ካርድ አይሄድም። ለቄሱ ግርግም ያለበት። ለአክስቴ ወፍ ያለበት፣ ሌላ ከላክሁላት እስከ ፋሲካ ታኮርፈኛለች። ለጎረቤታችን ለግሌኒስ የሚያብረቀርቅ ብናኝ የሌለበት፣ ምንጣፌ ላይ ተራገፈ ብላ ትነጫነጫለችና። ለወንድሜ የሰከረ የገና አባት፣ ከካልሲ ጋር። ወንድሜ በዓመት አንዴ ደውሎ «እማ እንዴት ናት?» ብሎ የሚዘጋ ሰው ነው፣ ካልሲውም ይበዛበታል።

ከዚህ ሁሉ ሌላ የመጠባበቂያ መሳቢያ አለ። ያልታሰበ ሰው ካርድ ይዞ ቢመጣ ባዶ እጅ ላለመገኘት። ለማንም የሚሆን ካርድ፣ በረዶ የለበሰ ቤት ያለበት። ለማንም የሚሆን ስጦታ፣ ሳሙና። ካርድ ተቀብሎ አለመመለስ እኛ ዘንድ ነውር ነው።

ነገሩ የጀመረው ከዚያ መሳቢያ ነው...

ከአራት ዓመት በፊት አንድ ካርድ በሩ ላይ ባለው የደብዳቤ ማስገቢያ ቀዳዳ ገብቶ ወለሉ ላይ አገኘሁ። ቴምብር የለውም። አድራሻ የለውም።

«ለውድ ሎርናና ለውድ ኢኒድ። ከክላይቭና ከኔስታ፣ በፍቅር።»

ክላይቭ የሚባል ሰው አላውቅም። ኔስታም የምትባል አላውቅም።

«እማ፣ ክላይቭና ኔስታ እነማን ናቸው?»

«ደጎች ናቸው» አለችኝ፣ ዓይኗን ከመስኮቱ ሳትነቅል።

የድሮ ወዳጆቿ መሰሉኝ። ከመሳቢያው አንድ ካርድ አውጥቼ ጻፍኩና በሩ አጠገብ ካለው መደርደሪያ ላይ አቆምኩት። የሰፈር ሰው ካርድ የማስቀምጠው እዚያ ነው። ቤታቸውን ግሌኒስን እጠይቃለሁ ብዬ ተኛሁ።

ጠዋት ካርዱ የለም።

ግሌኒስ በማለዳ ብቅ ብላ ወስዳ አድርሳው ይሆናል አልኩ። ደክሞኝ ነበር፣ አላጣራሁም።

በሁለተኛው ዓመት ከካርዱ ጋር ስጦታ መጣ። ለእናቴ የሱፍ ጓንት። የእናቴ ቀኝ እጅ ከበሽታው ወዲህ ተጣጥፎ ስለቀረ ምንም ጓንት አይገባለትም።

ይሄኛው ገባ። የቀኙ ጓንት ሲሠራ ተጣጥፎ ነው የተሠራው...

ሳሙና መለስኩላቸው። ምን ላድርግ?

በሦስተኛው ዓመት የአንገት ልብስ መጣ። «ለኢኒድ ሳል ይሆናታል» ይላል። እናቴ ማሳል የጀመረችው ሐሙስ ነው። ካርዱ የመጣው አርብ።

ያኔ ግሌኒስን አጥሩ ጋ አገኘኋት።

«ኔስታን ታውቂያታለሽ አይደል?» አልኳት እንደ ዋዛ።

«ኔስታን? እንዴ፣ ምን ማለትሽ ነው። ሰላም በይልኝ።»

ተንፈስ አልኩ። ግሌኒስ ካወቀቻት እውነተኛ ሰው ናት ማለት ነው። ደግሞስ እንዴት ብዬ ነው የማጣራው? ሦስት ዓመት «በፍቅር» እያሉ ተጻጽፎ «ለመሆኑ ማን ናችሁ?» ይባላል? የዚህ አገር ሰው እንዲህ ብሎ ከሚያፍር መሬት ብትውጠው ይመርጣል።

አምና ጫማ መጣ። ለእናቴ፣ የውጭ ጫማ። አምስት ዓመት ሙሉ ደጅ ላልወጣች ሴት።

ያበጠው ግራ እግሯ እንኳ ሰተት ብሎ ገባ።

ካርዱ ላይ እንዲህ ይላል፦ «ኢኒድን ለገና እኛ ጋ ብንወስዳት ደስ ይለናል። አንቺም ትንሽ ታርፊያለሽ።»

መልስ ልጽፍ መሳቢያውን ከፈትኩ። የዚያን ዓመት አዲስ እሽግ ነው የገዛሁት፣ አስር ካርድ ያለበት። ማንም አልነካውም።

እሽጉ ተከፍቷል። ቆጠርኩ። ዘጠኝ...

የእነሱን ካርድ ከዘጠኙ አጠገብ አደረግሁት። ያው በረዶ የለበሰ ቤት ነው። አስረኛው ነበር።

«እማ፣ መሳቢያውን ማን ነካው?»

«ኔስታ ፀጉሯን ተቆረጠች» አለችኝ በሹክሹክታ። «አምሮባታል።»

«የት አየሻት?»

«የምትጽፊላት አንቺ አይደለሽ እንዴ?» አለችና ወደ መስኮቱ ዞረች።

ፈራሁ። አልክድም። ግን የዚያን ቀን አንሶላ ሁለት ጊዜ ቀይሬያለሁ፣ አርባ ሦስት ካርድ ጽፌያለሁ፣ ወገቤ ተቆርጧል። የደከመው ሰው ፍርሃቱም ቶሎ ያልቅበታል። እናቴ ልክ እንደ ልጅ ተደብቃ ትነካካለች አልኩና ከዘጠኙ አንድ ካርድ አወጣሁ።

«በጣም ደስ ይለናል። በተመቻችሁ ሰዓት ኑ» ብዬ ጻፍኩ።

እኛ ዘንድ እንዲህ ማለት «አትምጡ» ማለት ነው። ቀን ካልተቆረጠ ግብዣ አይደለም፣ ይህን ሕፃን ልጅ ያውቀዋል።

እናንተን ግን አልዋሻችሁም። ያቺን መስመር ስጽፍ፣ ለአንዲት ቅጽበት ያህል... ከልቤ ነበር።

ገና ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ከቀኑ አስር ሰዓት ላይ፣ ወጥ ቤት ድንች እልጣለሁ። እናቴ ሳሎን ወንበሯ ላይ ናት።

ሳቅ ሰማሁ።

የእናቴ ሳቅ ነው። ከታመመች ጀምሮ ስቃ አታውቅም።

ቢላዋውን ይዤ ቆምኩ። ቀጥሎ ድምጿ መጣ፣ ቀስ ብሎ... «ልጄን ልሰናበታት?»

ሌላ ሴት መለሰችላት። ለስለስ ባለ ድምፅ።

«ተያት። ደክሟታል።»

ሬዲዮ ነው አልኩ። ሬዲዮ ነው ብዬ አንድ ድንች ጨርሼ ላጥኩ። እስከ ዛሬ እንቅልፍ የሚነሳኝ ያ ድንች ነው።

ስገባ ወንበሩ ባዶ ነው። መቀመጫውን ዳሰስኩት፣ ይሞቃል። ጉልበቷ ላይ የምትደርበው ብርድ ልብስ በሁለት እጅ እንደሚታጠፈው ጥርት ብሎ ታጥፏል። ጓንቱ የለም፣ የአንገት ልብሱ የለም፣ ጫማው የለም። ሬዲዮው እንደተዘጋ ነው።

የፊቱ በር ከውስጥ በሰንሰለት እንደተዘጋ ነው። የጓሮው ቁልፍ ኪሴ ውስጥ ነው።

ፖሊሶች ሁለት ሳምንት ፈለጉ። ያረጀ ሰው እንዲህ ወጥቶ ይጠፋል አሉኝ። «ሰንሰለቱንስ ማን ዘጋው?» ስላቸው አንዱ ማስታወሻ ደብተሩን አጥፎ ኪሱ ከተተ።

ግሌኒስ ጋ ሄድኩ።

«ኔስታ ቤቷ የት ነው? ሰላም በይልኝ ብለሽኝ የለ?»

ፊቷ ቀላ።

«ሎርና... አላውቃትም። አንቺ የምታውቂያትን ሰው አላውቅም ማለት ነውር መስሎኝ ነው።»

ዘንድሮ ለማንም ካርድ አልገዛሁም። ለቄሱም፣ ለአክስቴም። መሳቢያውን ባዶ አድርጌ ጠረግሁት። አርፌያለሁ፣ እንደ ምኞቴ። ቤቱ ጸጥ ብሏል፣ የሚታጠብ አንሶላ የለም፣ እኔ ግን ሌሊቱን ሙሉ የእሷን ሳል ሳዳምጥ ነው የሚነጋው። እንዲህ ያለ ድካም እሷ እያለችም አልነበረብኝም።

ትናንት፣ ከቀኑ አስር ሰዓት... የደብዳቤ ማስገቢያው ቀጭ አለ።

በረዶ የለበሰ ቤት። ቴምብር የለውም።

«ለውድ ሎርና። ከክላይቭ፣ ከኔስታና ከኢኒድ፣ በፍቅር።»

ሦስተኛውን ስም የጻፈው ሌላ እጅ ነው። ከሕመሟ በፊት የነበረው፣ ደህናው የእናቴ እጅ። ከሥሩ አንድ መስመር ጨምራለች፦

«የኔ ልጅ፣ ደክሞሻል። እዚህ ቦታ አለሽ።»

በሩ ሥር ጥቅል ነበር። ጓንት፣ የአንገት ልብስ፣ ጫማ። ጫማው የእኔ ቁጥር ነው።

መልስ አልሰጥም ብያለሁ። ነውር ከሆነም ይሁን። እስክሪብቶዎቹን በሙሉ ሰብስቤ ውጭ ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ጣልኳቸው፣ ካርድ እንደሆነ ቤት ውስጥ የለም።

ዛሬ ሻይ ልጠጣ ስነሳ በሩ አጠገብ ያለው መደርደሪያ ላይ አንድ ካርድ ቆሟል።

በእኔ ጽሕፈት ነው። «በጣም ደስ ይለኛል። በተመቻችሁ ሰዓት ኑ።»

አልጻፍኩትም። እምላለሁ፣ አልጻፍኩትም።

ይህን ለእናንተ ለመጻፍ ስልኬን አንስቼ ተመለስኩ። ካርዱ መደርደሪያው ላይ የለም።

አስር ሰዓት ሊሆን አምስት ደቂቃ ይቀረዋል...

አሁን እያየሁት ነው፣ ጣቴ ላይ ቀለም አለ። ገና አልደረቀም።