ዘጠኝ ፔርሙዝ

በ1974 ዓ.ም. ጥር ወር፣ ደብረ ታቦር ውስጥ እኔ በማስተምርበት ትምህርት ቤት መምህርት አለምወርቅ ልታገባ ሆነ። ሙሽራው ሙላቴም መምህር ሲሆን የተመደበው ጉና ተራራ ሥር ነው፤ ከሠርጉ በኋላ አብራው ትወጣለች። ያን ጊዜ ያለ ኮሚቴ የሚሠራ ነገር አልነበረምና የስጦታ ኮሚቴ ተቋቋመ፤ ሊቀመንበሩ እኔ ላቀው ሆንኩ።

የጉና ተወላጅ የሆኑት የጽዳት ሠራተኛችን እትዬ ታንጉት በስብሰባው ላይ እጃቸውን አወጡ።

«ልጅቱ የሞቃቱ አገር የይፋግ ልጅ ናት፤ የጉናን ውርጭ አታውቀውም። ወፍራም ብርድ ልብስ ግዙላት። እስቲ ደሞ እሷኑ ምን ጎደለሽ በሏት።»

ሳቅሁ። «ስጦታ ተጠይቆ ይሰጣል እንዴ? ነውር ነው! ብርድ ልብስ ዳስ ውስጥ ሲጠራስ፣ ወላጆቿ ራቁቷን ሰደዷት አይባልም?»

«የፈለገ ይማ! ወሬ እንደሁ አያሞቅ።»

አልሰማኋቸውም። በእኛ ዘንድ ስጦታ ከፍ ተደርጎ ይታያል፤ የሰጪው ስም ይጠራል፤ እልልታ ይከተላል። ስለዚህ ሁሉም የሚያብረቀርቅ ያስባል፤ የገዛውንም ከጓደኛው ይደብቃል። እኔም ማን ምን እንደሚያመጣ ሳልደለድል ቀረሁ።

በሠርጉ ቀን የስጦታ ጠሪው ጀመረ። «ጌጡ፣ ፔርሙዝ!» እልልል። «ማሬ፣ ፔርሙዝ!» እልልል። አምስተኛው ላይ እልልታው ቀጠነ፤ ሰባተኛው ላይ ዳሱ በሳቅ ሞላ። ዘጠነኛው የእኔው ነበር። አለምወርቅ ለሁላችንም «እግዜር ይስጥልኝ» አለች። እኔ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ልቤ አላርፍ አለ። ክፍል ገብቼ ሳስተምር እንኳ ዓይኔ በመስኮት ወደ ጉና ይሄዳል።

የካቲት ሳያልቅ ገበሬዎች አለምወርቅን በቃሬዛ ተሸክመው ወደ ደብረ ታቦር ሆስፒታል አወረዷት። ሳንባ ምች ነው ተባለ።

«ያለን ሁለት ጋቢ ነበር፤ ሁለቱንም ለእሷ ደረብኩላት» አለ ሙላቴ። «ድግሱ እጃችንን አራቁቶት፣ ደሞዝ እስኪደርስ ብለን ስንጠብቅ...»

ሦስት ቀን ሆስፒታሉ በር ላይ ስንቆራጠጥ ሰነበትኩ። ቁጭ ስል እነሣለሁ፤ ስነሣ የምሄድበት የለኝም። እትዬ ታንጉት የራሳቸውን ብርድ ልብስ ከቤታቸው አምጥተው አለበሷት።

በአራተኛው ቀን ትኩሳቱ ለቀቃት። አልጋዋ አጠገብ ተቀመጥኩ።

«ምነው አለምወርቅ፣ ብርድ ልብስ እንደሌለሽ ብትነግሪኝ?»

ዓይኗን በግድ ገለጠች። «ጋሼ ላቀው፣ ማን ጠየቀኝ?»



ወገኖቼ፣ ስጦታ የምንሰጠው ለዳሱ ነው ወይስ ለሙሽሮቹ? ሠርግ ሲደርስ ቤታቸው ሂዱ፤ ምን እንደጎደላቸው ጠይቁ፤ ማን ምን እንደሚያመጣም ተነጋገሩ። መጠየቅን ነውር የሚላችሁ ካለ የእኔን ታሪክ ንገሩት። አንዲት ቃል ለመጠየቅ አፍሬ ሰው ልገድል ነበር።