በቀኝ እጅ የተሰጠ ውሃ

በካልዱር ከተማ፣ ከሰሜኑ ግንብ ሥር ባለው ትልቁ የድንጋይ ቤት ውስጥ፣ ከየትኛውም ቤት የበለጠ ውሃ ነበር፤ ከየትኛውም ቤት የበለጠ የተጠማ ሰውም ይኖርበት ነበር። ሰውየው የቤቱ ጌታ ኤድራን ቮልሜር ነው። የግንቡ አዛዥ፣ የቮልሜር መሳፍንት የመጨረሻው ዘር፣ የከተማዋ ጠላቶች ታርጎች ስሙን ሲሰሙ ቀንዳም አውሬዎቻቸውን ወደ ኋላ የሚያዞሩለት ጦረኛ! በገዛ ማዕዱ ላይ ግን ሚስቱ ከእጁ ጽዋ አትቀበልም። ልጁ ከእጁ ጽዋ አትቀበልም። አሽከሮቹ ሳይቀሩ የያዘውን ነገር መሬት ላይ እስኪያስቀምጥላቸው አንገታቸውን ደፍተው ይጠብቃሉ፤ ከዚያ ከመሬት ያነሡታል። ማንም አይሰድበውም፣ ማንም ፊቱን አያጠቁርበትም። ከስድብ የሚከፋ ዝምታ እንዳለ ግን እንደዚያ ባለ ቤት የኖረ ያውቀዋል።

ልጁ ሲልዌ ቤቱ ሌላ የነበረበትን ዘመን ታስታውሳለች። አባቷ ከግንብ ሲወርድ የብረት ልብሱን እንኳን ሳያወልቅ ከግቢው ምንጭ በመዳፉ ውሃ ይቀዳና ያጠጣት ነበር። ውሃው በጣቶቹ መካከል እየሾለከ ደረቷን ያረጥበዋል። እናቷ ኢስሪንም ከደጃፉ ቆማ፣ «አንተ ሰውዬ፣ ልጅቷን እያጠጣሃት ነው ወይስ እያጠብካት?» እያለች ትስቃለች። ሲልዌ ጠጥታ ስትጨርስ የአገሩ ሰው ሁሉ እንደሚለው «ምንጭህ አይድረቅ» ትለዋለች፤ አባቷም እንደ ትልቅ እንግዳ እጅ ይነሣታል። ያ ሳቅ የት ገባ? ያ እጅ መቼ ነው የደረቀው?

የደረቀው ታርጎች ከተማዋን በከበቡበት ዓመት ነው። ሲልዌ ያኔ የወተት ጥርሷ ገና መነቀል ጀምሮ ነበር። የታርጎች ግዙፍ አውሬዎች የወንዙን መሄጃ አስቀይረው ነበርና የካልዱር ጉድጓዶች አንድ በአንድ ጭቃ ሆኑ። ሰዎች ጎህ ሲቀድ የግንቡን ጤዛ በጨርቅ እየጠረጉ ለሕፃናት ይጨምቁ ጀመር። ታርጎችን የሚመሯቸው ሦስት ወንድማማቾች ነበሩ፤ እርስ በርሳቸው አይዋደዱም፣ አብረው እስከቆሙ ድረስ ግን የሚችላቸው አልነበረም። ኤድራን ለእርቅ ጠራቸው። በሜዳው መሃል ድንኳን ተተከለ።

በዚያ አገር፣ በካልዱርም በታርጎችም ዘንድ፣ በቀኝ እጁ ውሃ ያጠጣ ሰው ለጠጪው ነፍሱን አስይዟል። በግራ የሰጠ ጥም አበረደ እንጂ ቃል አልሰጠም። ስለዚህ ሰው ጽዋ ሲዘረጋለት ፊት ከማየቱ በፊት እጅ ያያል። ማንቆርቆሪያውን ተሸክማ የገባችው ሲልዌ ነበረች። ልጁን ይዞ የመጣ ሰው ተንኮል የለውም ብለው ወንድማማቾቹ ሰይፋቸውን ከድንኳኑ ውጭ ተዉት። የመጨረሻው ታናሽ፣ ዩልክ የሚባለው፣ ጢሙ ገና በቅጡ ያልበቀለ ጎረምሳ፣ «ማንቆርቆሪያው ነው አንቺን የተሸከመሽ ወይስ አንቺ ነሽ?» ብሎ አሳቃት፤ ከጸጉሩ ሹሩባም ሰማያዊ ዶቃ ፈትቶ ሰጣት። አባቷ ለሦስቱም ቀድቶ አጠጣቸው። ከዚያ «ውጪና ተጫወቺ፣ የኔ ልጅ» አላት። ዶቃዋን ወደ ፀሐይ እያነሣች ስታይ ከድንኳኑ ውስጥ የተሰማት የማንቆርቆሪያው መሰበር ብቻ ነበር። ወዲያው የአባቷ ምክትል፣ አንድ ዓይናው ብሬግ፣ ሮጦ ወጣና ፊቷን ደረቱ ላይ ደፍቶ ወደ ከተማ ወሰዳት። ልብሱ ርጥብ ነበር። ውሃ መስሏት ነበር።

መሪዎቹን ያጣው የታርጎች ሠራዊት በሦስት ተከፍሎ እርስ በርሱ ተፋጀ፤ የተረፈውም ተበተነ። ወንዙ ተመለሰ፤ ካልዱር ዳነች! ሕዝቡ እያለቀሰ ጠጣ። ጥሙ ከተቆረጠለት በኋላ ግን መጠየቅ ጀመረ።

የጉድጓድ ጠባቂዎች የሚባሉት የአገሩ ዳኞች ኤድራንን በሕዝብ ፊት አቆሙት። ጥያቄው አንድ ነበር፤ በየትኛው እጅህ አጠጣሃቸው? «በግራዬ» ቢል ሁሉም እፎይ ሊል፣ ሁሉም ሊያምነው ተዘጋጅቶ ነበር። ኤድራን አፉን ሊከፍት ሲል ከእናቷ ቀሚስ ሥር አንዲት ቀጭን፣ በኩራት የተሞላች ድምፅ ቀደመችው።

«በቀኙ ነው እንጂ! አባዬ ለእንግዳ በግራ አይሰጥም።»

ኤድራን ዞሮ ልጁን አያት። ሲልዌ ጥርሷ በወለቀበት በኩል እየሳቀችለት ነበር፤ ጨዋ አባት እንዳላት መሰከረችለታ! እሱም ሳቀላት። ከዚያ ወደ ዳኞቹ ፊቱን መልሶ፣ «ልጄ እውነቷን ነው» አለ።

ፍርዱ ጥንታዊ ነው። የውሃ ቃል ካፈረሰ ሰው ቀኝም ሆነ ግራ እጅ ማንም አይቀበልም፤ አውቆ የጠጣ ሸክሙን ይካፈላል፣ የእሱም እጅ እንደዚያው ይደርቃል። ቃል አፍራሹ ሲሞት ከግንቡ ውጭ፣ በደረቁ ቦይ ይጣላል። አንድ መውጫ ብቻ ነው የተተወለት፤ ነፍሱ ሳትወጣ የአብራኩ ክፋይ ወዳ ከቀኝ እጁ ከጠጣችለት ከወገኖቹ ጋር ይቀበራል። አዛዥነቱን ግን አልነጠቁትም። ካልዱር እጁን ተጸየፈች እንጂ ሰይፉን አልተጸየፈችም። በሰይፉ ወንድማማቾቹን የቆራረጠው ብሬግ ግን ከመጠጥ ቤት መጠጥ ቤት እየተጋበዘ፣ ሰው ስለዚያ ቀን ሲያነሣበት «እኔ ሰይፍ ነኝ ወንድሜ፣ ሰይፍ ውሃ አያጠጣም» ይል ነበር፤ ሰውም ይስቅለት ነበር። እንዲህም አለ ፍርድ!

መከራ ለብቻው መምጣት መች ያውቅና... በዚያው ክረምት ወረርሽኝ ገባ፤ ኢስሪን ወደቀች። ሲልዌ ለግንባሯ በረዶ ልታመጣ ወደ ግቢ ወረደች። ስትመለስ እናቷ ሞታለች። ከአልጋው አጠገብ ወለሉ ላይ ሙሉ ጽዋ ተቀምጧል፤ የእናቷ ክንድ ወደ ጽዋው ተንጠልጥሏል፣ አልደረሰም። አባቷ ተንበርክኳል፤ እጅጌው እስከ ክርኑ ርሷል።

«ለምን አላጠጣሃትም?» አለችው ሲልዌ።

«ሕግ ነው» አላት።

ልብ የሚሞተው በአንድ ቃል ነው። ሲልዌ አደገች፤ ዶቃዋም አብራት ከረመች። ዕድሜዋ ሲጨምር የገባትም ጨመረ። ማንቆርቆሪያውን ለምን እንዳሸከማት ገባት። የዩልክ ሳቅ በሕልሟ እየመጣ፣ ማንቆርቆሪያው ነው ወይስ አንቺ፣ ይላት ጀመር። እኔን ማጥመጃ አድርጎኝ፣ እናቴን በጥም ገድሎ፣ ሕግ ነው አለኝ፤ ይህን እያሰበች አንድ ማለዳ ልብሷን ጠቅልላ ከተራራው ላይ ወዳለው የጉድጓድ ጠባቂዎች ገዳም ገባች። ኤድራን እስከ በሩ ሸኛት። መንገድ ላይ እንድትጠጣ ኮዳ ሞልቶ ይዞላት ነበር፤ ድንጋይ ላይ አስቀመጠላት። አላነሣችውም።

ዓመታት አለፉ። የታርጎች ልጆች አድገው የአባቶቻቸውን ደም ሊመልሱ መጡ። ሽማግሌው ኤድራን የግንቡ በር ሲሰበር በስብራቱ ላይ ቆመ፤ ወጣቶቹን ወደ ኋላ ገፍትሮ፣ የመጀመሪያውን ቀንዳም አውሬ በጦር አንገቱን ወጋው። አውሬው በቀኝ ጎኑ ላይ ወደቀበት። ሬሳው ክፍተቱን ዘጋው፤ ከተማዋም በድጋሚ ዳነች። ከሥሩ ጎትተው ሲያወጡት ቀኝ ክንዱ ከትከሻው ጀምሮ ደቆ ነበር። ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል። ወታደሮቹ ኮዳ ከፍተው ከንፈሩን አራሱለት፤ ለእሱ መስጠት አልተከለከለምና። እሱ ግን የቀረውን ኮዳ በግራው ይዞ፣ ያዳናቸውን ልጆች እያየ፣ ማንም እንደማይቀበለው ያውቃልና መልሶ መሬት ላይ አስቀመጠው።

ብሬግ በቅሎውን ሲያጋልብ ገዳሙ ደረሰ። አርጅቷል፤ ግን አፉ አላረጀም።

«እመቤት ሲልዌ፣ አባትሽ እየሄደ ነው።»

«ሕጉ የሚለውን ታውቃለህ» አለችው፤ ከጉድጓዱ አፋፍ ገመድ እየጠቀለለች፣ ቀና ሳትል።

«አውቃለሁ። አንቺ የማታውቂውን ነው ልነግርሽ የመጣሁት። የዚያን ቀን በድንኳኑ የነበርነው ሁላችን ተማምለን ነበር። በግራ ነው የሰጠው ልንል። እሱም በግራዬ ሊል። ማን አየ? የሞቱት ናቸው ያዩት።»

የሲልዌ እጅ ገመዱ ላይ ቆመ።

«አንቺ ቀደምሽው። እሱ በግራዬ ቢል ኖሮ አንቺ በጉድጓድ ፊት የሐሰት ምስክር ትሆኚ ነበር። የሐሰት ምስክር ምላስ በጋለ ድንጋይ እንደሚጠበስ አንቺው ታውቂዋለሽ፣ ሕፃን ነው ተብሎ አይማርም። ልጄ እውነቷን ነው አለ። በቃ። ለአንዲት ምላስ ብሎ ነው ዕድሜውን የጣለው።»

ሲልዌ ስለ እናቷ ጠየቀችው። ብሬግ ያን ቀን በሩ ላይ ቆሞ ነበርና ያየውን ነገራት። ኤድራን ሕጉን ረስቶት ነበር። ጽዋውን ትቶ በመዳፉ ውሃ ዘግኖ ሚስቱን ጠጪ እያለ ለመናት። ኢስሪን ግን ጥርሷን ነከሰች። ሁለታችንም እጃችን ከደረቀ ልጄን ማን ያጠጣታል አለችው፤ የመጨረሻ ቃሏም ይኸው ነበር። ጽዋውን ወለሉ ላይ ያኖረላት ከዚያ በኋላ ነው፤ ብሬግ መድኃኒተኛ ሊጠራ ሲሮጥ ራሷ ልታነሣው ሞክራ፣ ደክማ አልደረሰችበትም። ኤድራንም፣ ልጅቷ እናቴ በእኔ ምክንያት ሞተች ብላ ከምትቆጭ እኔን ትጥላኝ ብሎ ብሬግን አስምሎት ነበር።

«እና ዛሬ ለምን ነገርከኝ?»

«እኔማ ነፍሰ ገዳይ ነኝ፣ እመቤቴ። መሐላ ባፈርስ ምን ይጨመርብኛል?» አለ ብሬግ፣ ባንዷ ዓይኑ እያለቀሰ።

ሲልዌ ስትደርስ አባቷ በዚያው በግቢው ምንጭ አጠገብ ተኝቶ ነበር፤ እዚያ አውጡኝ ብሎ። አያት። ከዚያ ዶቃዋ አለች ወይ ብሎ ጠየቃት። ከአንገቷ አውጥታ አሳየችው።

«ዩልክ ነበር ስሙ» አለ። «ጠጥቶ ሲጨርስ ምንጭህ አይድረቅ ብሎኛል። ይቅር በይኝ አልልሽም። ከተማዋ እንደዚያ ብትጠማ ዛሬም አደርገዋለሁ። አንቺን ይዤ መግባት ግን አልነበረብኝም። እሱን... እሱን አላደርገውም ነበር።»

ቀና ሊል ሞከረ። በግራ እጁ ጽዋውን ከምንጩ ቀዳ፤ ግማሹ ፈሰሰ። ወደ እሷ ዘረጋው።

«በግራዬ ጠጪ። ለሚሞት ሰው ግራው ተፈቅዶለታል፣ ሕጉ አይነካሽም። ለእኔ ቦዩም ይበቃኛል። እንዲያው... ሰው ከእጄ ሲጠጣ አንድ ጊዜ ልይ ብዬ ነው።»

ሲልዌ ጽዋውን ከእጁ አልተቀበለችም። ኤድራን ዓይኑን ጨፈነ። እድሜ ልኩን የለመደው ነገር ነበርና አልከፋውም። እሷ ግን ተንበርክካ፣ የደቀቀውን ቀኝ እጁን እንደ ሕፃን እጅ በሁለት እጆቿ አነሣችው። ጣቶቹን አንድ በአንድ አጠፈቻቸው፤ መዳፉ እንደ ድሮው ጎድጓዳ ሆነ። ወደ ምንጩ አወረደችው። ውሃ ሞላው።

«አባዬ ለእንግዳ በግራ አይሰጥም» አለችው።

ሊከለክላት ፈለገ፤ እጁን ሊነጥቃት ጉልበት አጣ። ጎንበስ ብላ ጠጣች። ከዚህ እጅ የሚጠጣ ደም ደም ይለዋል ሲባል ነበር ያደገችው። ውሃው ውሃ ነበር። ቀዝቃዛ፣ በጣቶቹ መካከል የሚሾልክ፣ ደረት የሚያረጥብ። እስከ መጨረሻው ጠብታ ጠጥታ መዳፉን ሳመችው።

«ምንጭህ አይድረቅ፣ አባዬ።»

ኤድራን ቮልሜር እጅ ሊነሣት አንገቱን ዝቅ አደረገ። ዝቅ እንዳለ ቀረ...

ከግንቡ ውስጥ፣ ከኢስሪን ጎን ተቀበረ። ሕጉ ለሟቹ የተናገረውን ፈጸመ፤ ለልጁም የተናገረውን አላስቀረባትም። ከቀብር ለሚመለሰው ሕዝብ የሟች ልጅ በር ላይ ቆማ ውሃ ማጠጣቷ የአገሩ ወግ ነውና ሲልዌ ማንቆርቆሪያና ጽዋ ይዛ ቆመች። ሁለት ጊዜ ያዳነው ሕዝብ እጅ እየነሣ፣ እንባውን እየጠረገ፣ በፊቷ አለፈ። ዓይኖች እጇን እያዩ ወደ መሬት ይወርዳሉ። አንድም ሰው አልጠጣም። በመጨረሻ እያነከሰ የመጣው ብሬግ ነበር። ፊቷ ቆሞ፣ የነፍሰ ገዳይ መዳፉን ገጥሞ ዘረጋላት።

«ሰይፍ ውሃ አያጠጣም እል ነበር፣ እመቤቴ» አላት። «ለካስ ይጠማዋል።»

በቀኝ እጇ ቀዳችለት። ጠጣ፤ ጢሙን ጠረገና የሚባለውን አለ።

ዕጣ ፈንታ በአንዱ እጅ አገር ያድናል፣ ለሌላው ከዳነው አገር ቁራሽ ያካፍላል፤ ለኤድራን የሰጠው አገሩን በሙሉ ነበር፣ ከአንድ ጉንጭ ውሃ በቀር። ያንን ጉንጭ የሰጠችው ልጁ ናት። እስከ ዛሬም በካልዱር በር የሚያልፍ መንገደኛ ዶቃ ያሰረች ሴት ጽዋ ይዛ ቆማ ያያል፤ የሚጠጣላትም፣ እጇን አይቶ ጥቂት ካመነታ በኋላ፣ አልፎ አልፎ አይጠፋም።