ባለ ቀይ ጠርዙ እራፊ

ከተማይቱ በተከበበች በሰባተኛው ወር፣ ከወሩም በአሥራ አንደኛው ቀን፣ የጎተራው ወለል መታየት በጀመረ ጊዜ ከምሽጉ አዛዥ ዘንድ አዋጅ ወጣ፤ ለጦሩ የሚሠራ አንድ ሰው እንኳ የሌለው ቤተሰብ በነገው ዕለት በምዕራቡ በር ይውጣ የሚል።

አባ ነጎድጓድ የሚሉት ሽማግሌ መድፈኛ አዋጁን የሰማው በአንድ ጆሮው ነው፤ ሌላውን መድፍ ወስዶበታል። እሱ ግን «ሺህ ጠላት በአንድ ተኩስ ስገነድስ ጩኸታቸው ነው ያደነቆረኝ» ይል ነበር፤ ሺሁም እንደ አድማጩ ብዛት ሦስት ሺህ ይሆናል። በወገቡ የሚታጠቀውን ቀይ መቀነትም ዓይኑን በጨው ታጥቦ «ንጉሡ በገዛ እጃቸው ያስታጠቁኝ» ይለዋል። አሁን ትእዛዝ ስለማይሰማ መድፍ አያስነኩትም፤ ሚስቱም እግሯ ከዛለ ሁለት ዓመት አልፏታል፣ ከአልጋ አትወርድም። እሷን አዝሎ በዚያ በር መውጣት ምን ማለት እንደሆነ፣ ውሸታም ቢሆንም፣ አልጠፋውም።

የቀረው ደጅ ለቁስለኞች ከአሮጌ የደንብ ልብስ ብርድ ልብስ የሚጣፍበት ስፌት ቤት ብቻ ነበር።

«እትዬ፣ መርፌ ለእኔ ብርቄ አይደለም» አለ ገና ሳይቀመጥ፤ «አንዴ በማዕበል መሃል የመርከብ ሸራ ስሰፋ፣ በችኮላ ካፒቴኑንም አብሬ ሰፍቼዋለሁ።»

የስፌት ቤቱ አለቃ፣ አፏ ውስጥ ሁለት መርፌ የያዘች መበለት፣ ቀና አላለችም። «እዚህ ካፒቴን የለም፤ ዘጠኝ እራፊ ይቁረጡ። ሦስት ሦስቱን ገጽ ለገጽ ያጋጥሙና ከጠርዙ ግማሽ ጣት ገባ ብለው ይስፉ፤ ከዚያ ሦስቱን ረድፍ ያያይዙ። ዳር ዳሩ በዚያው ልክ ታጥፎ አሥራ ሁለት ጣት በአሥራ ሁለት ይሁን፤ ብርድ ልብሱ ከዚህ መሰል ቁራጭ ነው የሚገጣጠመው። የግምጃ ቤቱ ሹም ቀትር ላይ ይለካዋል፤ ልኩ ከሞላ ከሠራተኛ ይቆጥርዎታል። ታዲያ ሲቆርጡ...»

«ለመድፈኛ ልክ ሊነገረው? አሥራ ሁለት ለሦስት፣ አራት አራት ጣት! ጥይት ብትለኪበት አንዲት ፀጉር አይዛነፍም።»

መበለቲቱ ትከሻዋን ነቅንቃ ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

እውነት ለመናገር አልሰነፈም፤ መርፌው ስድስቴ ወጋው፣ አንዴም ሱሪውን ከእራፊው ጋር ሰፋው፤ ቢሆንም ሰማያዊውን ከግራጫው እያፈራረቀ፣ ስፌቱን ባውራ ጣቱ ጥፍር እየተጫነ ዘጠኙን አገጣጠመ። ቀትር ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ዳሩን አጥፎ በእንጨቱ መለኪያ ላይ ዘረጋው።

ዘጠኝ ጣት።

«ሦስት ጣት የት ሄደ?» አለ፤ ድምፁም ለመጀመሪያ ጊዜ ቀጥኖ ወጣ።

«ስፌቱ በላዋ!» አለች መበለቲቱ፤ «ካንዱ ወገን ግማሽ፣ ከሌላው ግማሽ፤ ከእያንዳንዱ እራፊ አንድ ጣት። አምስት አምስት ይቁረጡ ልል ነበር፣ መች አስጨረሱኝ? ሌላ ጨርቅ እንዳልሰጥዎ ለያንዳንዱ ተለክቶ ነው የመጣው።»

አባ ነጎድጓድ ወደ ምዕራቡ በር አቅጣጫ አየ፤ ከዚያ መቀነቱን ፈታ።

«የንጉሡን?» አለች፣ መርፌዎቹን ካፏ አውጥታ።

«ንጉሡን በሩቅም አላየሁ። የሚስቴ የሰርግ ቀሚስ ጫፍ ነው። ስንት ጣት ልቁረጥ?»

«ሁለት ጣት ተኩል፤ አንዱን ጣት ስፌት ይበላዋል። ባራቱም ወገን ይዙርበት።»

ሹሙ ሲደርስ የመጨረሻው ክር ገና እየተቋጠረ ነበር። መለካ፤ አሥራ ሁለት ሆነ።

«ይህ ቀይ ምንድን ነው?»

ስፌት ቤቱ ሁሉ መርፌውን አቁሞ ውሸቱን ጠበቀ። አባ ነጎድጓድ አፉን ከፈተ፣ መልሶ ገጠመ፣ እንደገናም ከፈተው።

«ጉድለት ነው፣ ጌታዬ። አጉድዬ ቆርጬ ነው።»

«ልኩ ሞልቷል» አለ ሹሙ፤ አለፈም። በማግስቱ በምዕራቡ በር ሠላሳ ሁለት ቤተሰብ ወጣ፤ የመድፈኛው ቤት ከነሱ ውስጥ አልነበረም።

ያ ቁራጭ የተሰፋበት ብርድ ልብስ ዛሬ በመስታወት ሣጥን ውስጥ ተሰቅሏል። ሊቃውንት ስለ ቀዩ ጠርዝ ብዙ ጽፈዋል፤ አንዱ የተከበበችው ከተማ ምልክት ነው ይላል፣ ሌላው የቁስለኞቹ ደም። የአዛዡም ስም የመድፎቹም ቁጥር በየመጽሐፉ ሰፍሯል። አባ ነጎድጓድ ግን በዕድሜው አንድ ቀን በሹም ፊት እውነት ተናገረ፤ ይህን የጻፈለት የለም።