የይድነቃቸው ዝምታ

ስልኩ ሲጠራ ኢንስፔክተር ሸዋዓለም ገንዳ ውሃ ከተማ ባለው ቢሮዋ መስኮት አጠገብ ቆማ የሸሚዟን እጅጌ እየጠቀለለች ነበር። የደወለው ከመተማ ዮሐንስ ሳጅን ዋሴ ነው።

«ሙዚቃ የሚቀዳው ይድነቃቸው ትናንት አመሻሽ ሞቶ ተገኘ» አላት። «ያደረገችውን ይዣታለሁ። እርስዎ መጥተው ቢያዩት ብዬ ነው።»

«ማን ናት?»

«ሚስቱ፣ ብሌን።»

«አመነች?»

«አላመነችም። አላለቀሰችምም።»

ሸዋዓለም አለማልቀሷን እንደ ማስረጃ መቁጠሩን አልወደደችለትም። ባርኔጣዋን አንስታ ወጣች።

ይድነቃቸው የሚሠራባት ክፍል ከገበያው ጀርባ፣ ከመስጊዱ አጥር ጎን ነበረች። ድምፅ እንዳያስተጋባ ግድግዳዋ በባዶ የሰሊጥ ጆንያ ተለብጧል። ጠረጴዛው ላይ የሙዚቃ መቀላቀያው፣ ማይክና ላፕቶፕ አሉ። በሩ አናት ላይ ወደ መንገዱ የዞረ ድምፅ ማጉያ ተሰቅሏል። አስከሬኑ ጤና ጣቢያ ተወስዷል። የቀረው የማጉያ ማቆሚያው ብረት ላይ የደረቀ ደምና ብሌን ይዛው የመጣችው፣ እስካሁን ያልተከደነ የእራት ሳህን ነው።

«ተገፍቶ ጭንቅላቱን ብረቱ መታው» አለ ዋሴ። «ሐኪሙ ግን ሰዓቱን አላውቅም አለ። በዚህ ሙቀት ሬሳ ቶሎ አይቀዘቅዝም።»

«ላፕቶፑስ?»

«ተቆልፏል። ሰው ካልነካው ራሱን ይቆልፋል፤ የይለፍ ቃሉን የምታውቀው ሚስቱ ብቻ ናት።»

የይድነቃቸውን ሥራ መተማ ውስጥ የማያውቅ አልነበረም። የኤሌክትሮኒክ ዳንስ ሙዚቃ አንዱን ከአንዱ እያያያዘ፣ ሳያቋርጥ ረጅም አድርጎ ይቀዳል፤ ወጣቶቹ ሚክስ ይሉታል። ጓደኛው ሰፍዋን በስልክና በሚሞሪ ያሰራጨዋል። የወሰደ ሁሉ የቻለውን ያዋጣል። በተዋጣው ከሰሊጥ አጨዳ በኋላ ሽንፋ ወንዝ ዳር ድንኳን ይተከላል፤ ካምፕ ይሉታል። ከጎጃምና ከወሎ የመጣው የቀን ሠራተኛ፣ የከተማው ልጅ፣ ከሱዳን ጦርነት ሸሽቶ የተሻገረው፣ ሁሉም እዚያ ይሰፍራል፤ አገርህ የት ነው ሳይባባል ይጨፍራል።

«ለምን ብሌን ናት አልክ?» አለች ሸዋዓለም።

«ይድነቃቸው ሲቀዳ በዚህ ማጉያ ለመንገዱም ያሰማል። ትናንት እስከ ምሽት ሲያሰማ ነበር። ሰፍዋንና ሾፌሩ ደምለው እዚያ ማዶ፣ ሱቁ በረንዳ ላይ ተቀምጠው በሩን ያያሉ። የገባ ሰው የለም። በመጨረሻ እሷ እራት ይዛ ገባች፣ ጮኸች፣ ሙዚቃው ቆመ። ጠዋት ደግሞ ሲጣሉ ጎረቤት ሰምቷል።»

«ሙዚቃው ቀድሞ የተቀዳ ቢሆንስ?»

«እሱንም አስቤያለሁ» አለ ዋሴ፣ ይህን ጥያቄ ሲጠብቅ እንደቆየ። «አዛን ሲባል ይድነቃቸው ሙዚቃውን ያቆማል፤ ሲያልቅ ይቀጥላል። ክርስቲያን ነው፣ ግን የመስጊድ ጎረቤት ነው። ትናንትም በመሃል ዝም ብሏል፤ ሰፍዋን ሰምቷል። ማሽን ጎረቤት አያውቅም፣ ኢንስፔክተር።»

«ጥሩ ብለሃል» አለች። የምሯን ነበር። «ሚክሶቹን ሰምተሃቸው ታውቃለህ?»

«እኔ? ራሴን ያመኛል።»

ሰፍዋን የሱቁን በር ግማሹን ብቻ ከፍቶ ተቀምጦ ነበር። ዓይኑ ቀልቷል። የስልክ ሽፋንና ባትሪ ከተደረደረበት ጠረጴዛ ላይ አቧራ እየጠረገ ነው፤ የጠረገውን መልሶ ይጠርጋል።

«ሙዚቃውን ሲያቆም፣ ያ ዝምታ የተቀዳው ውስጥም ይቀራል?» አለችው።

«ይቀራል። እኔ ልቁረጠው ብዬ ስንቴ ለመንኩት። ‹ተወው፣ ያኔ ሰው ሲጸልይ ነበር› ይለኛል። አሁን ሾፌሮቹ ራሳቸው ‹የይድነቃቸው ዝምታ› ነው የሚሉት። እዚያ ቦታ ሲደርስ መኪና ውስጥ ወሬ ያቆማሉ አሉ።»

«የትናንቱ የትኛው ሚክስ ነበር?»

ጨርቁን አስቀመጠ። «እኔ ሳላሰራጨው የቀረ ሚክስ የለውም። የትናንቱን ግን አላወቅሁትም። አዲስ እየቀዳ ነው ብዬ ደስ አለኝ።»

«ዝም ሲልስ?»

«አንድ ሰው ሳቀ። ማይኩ ክፍት ቀርቶ ይሆናል። የወጣት ሳቅ ነው። እንግዳ አለው አልኩ።»

«እንግዳው ሲወጣ አየህ?»

ሰፍዋን ወደ ማዶው በር አየ። «አላየሁም» አለ።

«ደምለው ሳቁን ሲሰማ ምን አለ?»

«ምንም። ሻይ ተደፍቶበት ሱሪውን ይጠርግ ነበር።»

«በረንዳው ላይ የተቀመጣችሁት ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ከሰዓት፣ ከአስር ሰላት መልስ እኔ እቃ ቤት ነበርኩ። ሙዚቃው ትንሽ ጠፋና እንደገና ጀመረ። ከዚያ ደምለው መጥቶ ‹ና ሻይ እንጠጣ› አለኝ።»

ደምለው ለሰሊጥ እርሻዎች ውሃ የሚያመላልስ ቦቴ ይነዳል። ሸዋዓለም ያገኘችው መኪናው ጥላ ሥር ቁጭ ብሎ ነው። ረጅም፣ ቃል የሚቆጥብ ሰው ነው። ስታየው ተነሣ፤ የመኪናው ቁልፍ እጁ ላይ ነበር። ቀለበቱ ላይ ጫፉ የተቆረጠ ቀይ ክር ተንጠልጥሏል።

«አምና ወንድምህ ካምፑ ላይ እንደሞተ ነገሩኝ» አለችው።

«ትዕዛዙ ይባላል። ሲመሽ ሊታጠብ ወረደ፣ ሽንፋ ወሰደው። ሙዚቃ ነበር። ሲጣራ የሰማው የለም።»

«እንዲያም ሆኖ ዘንድሮ ለካምፑ ውሃ ልታመላልስ ነበር።»

«ይድኔ ለመነኝ። እሱም እኮ ሦስት ቀን አብሮኝ ወንዝ ሲፈልግ ነው የከረመው።»

«ትናንት ሙዚቃውን ያጠፋው ማን ነው?»

«እኔ ነኝ። ብሌን ስትጮህ ሮጠን ገባን። ሬሳ ፊት ሙዚቃ ይጮሃል?»

«አይጮህም» አለች ሸዋዓለም። ዓይኗ ክሩ ላይ ነበር።

ከመስጊዱ በር አጠገብ፣ በሳር በተከደነ የራኩባ ጥላ ሥር፣ አዛን የሚያሰሙት አዛውንት ጋሽ ዓሊ ተቀምጠዋል። ሸዋዓለም ዝቅ ብላ ሰላም አለቻቸውና ከጎናቸው ተቀመጠች።

«ደህና ጎረቤት አጣሁ፣ ልጄ» አሉ። «አንድ ነገር ግን ይከነክነኛል። ለሟች ጥሩ አይደለም፣ ልናገረው?»

«ይናገሩ፣ ጋሽ ዓሊ።»

«የአስር አዛን ሳደርግ እንደ ወትሮው አቆመልኝ። ፀሐይ ስትጠልቅ ለመግሪብ ስወጣ ግን አላቆመም። እኔ አዛን ስል እሱ ሲደበድብ። በስንት ዓመት የመጀመሪያው ነው። ቅር አለኝ። ጠዋት እነግረዋለሁ ብዬ አደርኩ።» አንገታቸውን ደፉ። «ተቀይሜው አደርኩ፣ ልጄ። እሱ ግን ሞቷል።»

«በኋላስ ዝም አላለም?»

«አለ። ከመግሪብ ወጥተን፣ የማታው ኢሻ ገና ሳይደርስ። ያኔ ማን አዛን አለና? ጭራሽ ቀለደብኝ አልኩ።»

ሸዋዓለም እጃቸውን ያዘች። «አልቀለደም፣ ጋሽ ዓሊ። አይቀየሙት።»

ብሌን ፖሊስ ጣቢያ፣ አግዳሚ ላይ፣ ነጠላዋን ጥብቅ አድርጋ ተቀምጣ ነበር። መምህርት ናት። ሸዋዓለም ስትገባ ተነሣች፤ ለሷ የሚነሡት ተማሪዎች ናቸው፣ አሁን ግን እሷ ተነሣች።

«ተቀመጪ፣ እህቴ። ጠዋት በምን ተጣላችሁ?»

«ስለ ካምፑ ነው ብያለሁ።»

«ስለ ትዕዛዙ አይደለም?»

ብሌን ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ አየቻት።

«ስለ እሱ ነው» አለች። «አምና ትዕዛዙ ከይድነቃቸው ጋር ተቀምጦ የተቀዳ አንድ ሚክስ አለ። ለአዛን ሲቆም ትዕዛዙ ማይኩ መዘጋቱን ሳያይ ሳቀ፤ ሳቁ ተቀዳ። ከሳምንት በኋላ ሞተ። ይድነቃቸው ሚክሱን አላሰራጨውም። በአንዲት ፍላሽ አድርጎ ለደምለው ሰጠው፤ ሌላ ቅጂ አልያዘም። ደምለው ከመኪናው ቁልፍ ጋር አስሮ ይዟት ይዞራል።»

«ትናንትስ?»

«ይድነቃቸው ያንን ሚክስ ለዘንድሮው ካምፕ ላሰራጨው፣ ደምለውን ልጠይቀው አለ። እኔ ቁስሉ አልደረቀም፣ አትጠይቀው አልኩት።»

«ይህን ለዋሴ ለምን አልነገርሽውም?»

«የደምለው ሐዘን የራሱ ነው። ጣቢያ የሚወራ አልመሰለኝም።»

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሸዋዓለም አራቱንም በይድነቃቸው መሥሪያ ክፍል ሰበሰበቻቸው። ጋሽ ዓሊን አንዷ ወንበር ላይ አስቀመጧቸው። ሰፍዋን ከማሽኑ አጠገብ፣ ደምለው በሩ ጋ ቆሙ። ብሌን ከሳህኑ ዓይኗን አሽሽታ ግድግዳው ሥር ቆመች። ዋሴ ከሁሉም ኋላ ነበር።

«ሳጅን ዋሴ፣ ይድነቃቸው እስከ ምሽት በሕይወት ነበር ያለው በዝምታው ምክንያት ነው» አለች። «ሁላችንም እንደዚያ ባልን ነበር። ሙዚቃው ዝም አለ፤ ስለዚህ አዛን አክብሮ ያቆመ ሰው አለ። ግን ጋሽ ዓሊ ለመግሪብ ሲጣሩ ሙዚቃው አልቆመም። የቆመው በኋላ፣ አዛን በሌለበት ነው። ሰፍዋን፣ ይድነቃቸው ለመግሪብ ሳያቆም ቀርቶ ያውቃል?»

«ወላሂ አያውቅም። ትናንት ሙዚቃው ስለጮኸ አዛኑን በቅጡ አልሰማሁም፤ ዝም ሲል ለአዛን መሰለኝ።»

«ስለዚህ በመግሪብ ሞቷል። የሰማችሁት ዝምታ የትናንት አይደለም፤ በሌላ ቀን፣ ለሌላ አዛን የተቀዳ ነው። ብሌን ስትገባ የሞተ ሰው ነው ያገኘችው።»

ዋሴ ጉሮሮውን ጠረገ።

«የአስር አዛን ሲባል ግን አቁሟል። ከዚያ በኋላ ነው የሞተው። ሰፍዋን ያኔ እቃ ቤት ነበር። በሩን ማየት የጀመረው ደምለው ለሻይ ከጠራው በኋላ ነው። ሙዚቃው ለጥቂት ጊዜ ጠፍቶ እንደገና ጀመረ። ለምን? የገፋው ሰው ወዲያው አልወጣም። ከሬሳው ጋር ቁጭ አለ፣ ላፕቶፑ ራሱን እስኪቆልፍ ድረስ። ወደ ልቡ ሲመለስ የሚያጫውተው አጣ። ይድነቃቸው በሕይወት አለ እንዲባል ኪሱ ውስጥ ያለችውን ፍላሽ መቀላቀያው ላይ ሰካ። ሰፍዋን የማያውቀው፣ ወጣት የሚስቅበት ሚክስ አንድ ብቻ ነው፤ ያለውም አንድ ሰው ጋ ነው። ብሌን ስትጮህም ፍላሿን ሊነቅል ቀድሞ ወደ ማሽኑ የሄደው እሱ ነው።»

ወደ ደምለው ዞረች።

«ቁልፍህ ላይ የነበረችው ፍላሽ የት አለች?»

ደምለው የሸሚዙን ኪስ ቁልፍ ፈትቶ፣ ቀይ ክር የተንጠለጠለባትን ፍላሽ አወጣና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጣት።

«ወንዝ ልጥላት ሄጄ ነበር» አለ። «ወንዝ ውስጥ ደግሞ እሱን እንዴት እጥለዋለሁ?»

ጋሽ ዓሊ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«ትዕዛዙን ላሰራጨው አለኝ» አለ ደምለው፤ የሚናገረው ለብሌን ነበር። «በየባጃጁ፣ በየሻይ ቤቱ የወንድሜ ሳቅ ለድንኳን ሊለመንበት ነው አልኩ። ገፋሁት። አንዴ ብቻ ነው የገፋሁት፣ ብሌን።»

«ለድንኳን አይደለም» አለች። ድምፅዋ ክፍል ውስጥ ትምህርት የምታስረዳ ያህል የተረጋጋ ነበር። «ለመብራት ነው። ወንዙ ዳር መብራትና ጠባቂ ዋናተኛ ሳይኖር ዘንድሮ ካምፕ የለም ብሎ ነበር። የሚያዋጣው ሰው ለማን እንደሚያዋጣ ይስማው አለ።»

«አልነገረኝም።»

«ልነግረው ነው ብሎ ነው የወጣው።»

ደምለው ግድግዳውን ተደገፈ። ጆንያው ከጀርባው ተንኮሻኮሸ።

«ማንም እንዳይሰማው ብለህ ገፋኸው» አለች ሸዋዓለም በዝግታ። «ከዚያ አንተው ለመንገዱ ሁሉ አሰማኸው።»

«አውቃለሁ። ማዶ ቁጭ ብዬ ሰማሁት።»

ዋሴ ካቴናውን አወጣ። በሩ ጋ ሲደርሱ ቆም አለና ወደ ብሌን ዞረ። ይቅርታ ሊላት ፈልጎ ነበር፤ ባርኔጣውን አውልቆ ብቻ ወጣ። ሰፍዋን ፍላሿን አየ እንጂ አልነካትም።

ጋሽ ዓሊ ከዘራቸውን ይዘው ተነሡ። «ሰዓቴ ደረሰ» አሉ። ብሌን አጠገብ ሲደርሱ እጃቸውን ራሷ ላይ አሳርፈው አለፉ።

ብዙም ሳይቆይ የመግሪብ አዛን ከአጥሩ ማዶ ተሰማ። የሰፍዋን እጅ ሳያስበው ወደ ማሽኑ ሄደ፣ ድምፅ ሊቀንስ፤ ምንም የሚጫወት አልነበረም። እጁን መለሰ።

አዛኑ አለቀ። ብሌን በሩ አናት ላይ ወዳለው ማጉያ ቀና አለች። ሁልጊዜ ሙዚቃው የሚመለሰው አሁን ነበር። ቆማ ጠበቀች። ከዚያ የእራቱን ሳህን በነጠላዋ ጫፍ ሸፍና ይዛ ወጣች።